ኢድሪስ ያላጠፋት ከተማ

ወንድሜ ኢድሪስ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን ማክሰኞ ነበር። ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ስንት ጊዜ ወደዚያ ቀን ተመልሼ አንድ ምልክት ልፈልግበት ሞክሬአለሁ፤ የለም። ጠዋት ተነሳ። ቁጥሩ የለቀቀውን ቀይ የኳስ ማሊያውን ለበሰ። እማ ከምትሠራበት ቤት ያመጣችውን የተረፈ ሩዝ ቆሞ በላ። ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና ሁልጊዜ የሚለውን አለኝ።

«ያሲን፣ እንዳትነካ።»

«አልነካም።»

«በዓይንህም እንዳትነካ።»

«ዓይኔን የት ላድርገው ታዲያ?»

«ትምህርት ቤት ይዘኸው ሂድ። እዚያ ተጠቅመህበት አታውቅም።»

እማ ከጓዳ ሳቀች። እሱም በራሱ ቀልድ እየሳቀ ሄደ። ይኸው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ይህ ብቻ ነበር።

እንዳትነካ የሚለኝ የጌሙን ማሽን ነው። የምንኖረው ዐደን ከተማ፣ ሼክ ዑስማን፣ ቃሂራ ሰፈር ነበር፤ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፣ መስኮቱ ወደ ጠባቧ መተላለፊያ የሚያይ። ጀርባው የወፈረ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበረን። ከሥሩ የብርቱካን ሣጥን ተደፍቶ፣ ሣጥኑ ላይ ያ ጥቁር ማሽን ተቀምጦ፣ ግንባሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ቀንም ሌሊትም ትበራለች። ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ነገር ለምን አይጠፋም?» ብሎ ነው። እማም መልሱ ሰልችቷት «የልጄ ሚስት ናት፣ አትተኛም» ትላለች። ጌሙ ከተማ የሚሠራበት ዓይነት ነው። መንገድ ትዘረጋለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ ውኃና መብራት ታስገባለህ፣ ሰዎች መጥተው ይኖሩበታል። የሠራኸው እንዳይጠፋ ማሽኑ ላይ የምትሰካ አውራ ጣት የምታህል ካርድ አለች። የእኛ ማሽን ግን ያለ ካርድ ነው የመጣው። ኢድሪስ ከገበያ አንድ አሮጌ ካርድ ፈልጎ አገኘ፤ የመጀመሪያ ከተማውን እሷ ላይ አስቀመጠ። አንድ ቀን ሲከፍተው ስክሪኑ ካርዱ አይነበብም ብሎ ጻፈ። በቃ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቤት።  ከዚያ ኢድሪስ እንደገና ጀመረና «ይቺን ለካርድ አላምናትም» አለ። ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ከተማዋ በቆመችበት ትኖራለች። ስለዚህ አላጠፋትም። ሰው ይስቅ ይሆናል፣ ግን የዚያን ጊዜ በሰፈራችን እንደ እሱ የሚያደርጉ ልጆች ሌሎችም ነበሩ።

ከባዱ ነገር ከህረባው ነው። መብራት ማለቴ ነው፤ እኛ ዐደን ያደግን ልጆች ከህረባ ነው የምንለው። ከህረባ ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል፣ ደስ ባለው ሰዓት ይሄዳል። ኢድሪስ የሚሠራበት የብየዳ ወርሻ ባለቤት ዐሚ ሳሌሕ፣ ዐሚ ማለት አጎቴ ነው፣ ጥጉ የተሰነጠቀ የፀሐይ ሰሌዳና አንድ የመኪና ባትሪ ሰጥቶት ነበር። ሰሌዳውን ጣራ ላይ አሰረው፣ ባትሪውን በሩ ሥር አስቀመጠው፣ ከባትሪው ማሽኑ ይበላል። ቴሌቪዥኑን ግን ባትሪው አይችለውም። ስለዚህ ከህረባ በሌለ ጊዜ ማሽኑ ብቻውን ያንጎራጉራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ከተማዋ ውስጥ ናት፣ አትታይም። ከህረባ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ይበራና ከተማዋ እንደተተወች ብቅ ትላለች። በእኛ መተላለፊያ ደግሞ ከህረባ ሲጠፋ ማብሪያውን የሚያጠፋ ሰው የለም። ክፍት ነው የምንተወው። ሲመጣ እንድናውቅ። አምፖሏ ቦግ ስትል ሕፃን አዋቂው አንድ ላይ «ጃት! ጃት!» ይላል፤ መጣች ማለት ነው። ሴቶች እልል ይላሉ፣ ሰው በየበሩ ያጨበጭባል። ሠርግ ነው የሚመስለው። በቀን ብዙ ጊዜ ሠርግ ነበረን ማለት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ለቀናት ምንም።

ይህን ሁሉ ያስነሳብኝ ባለፈው ሳምንት ያገኘኋት ሴት ናት። አሁን ሃያዎቹን እያገባደድኩ ነው፤ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ስልኬን ላሠራ መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ቆሜአለሁ። ሱቁ ያለበት ጥግ ድሮ የጌም ቤት ነበረ፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ተነስቶ ከበሩ ውጭ ይቆማል፤ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ ከአንድ የእንቁላል ሳንድዊች አይበልጥም ነበር። ኢድሪስ በኳስ ጌም ጎበዝ አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ነው የሚቆመው። እንግዲህ ጠጋኙ አንድ አሮጌ ጥቁር ማሽን ፈትቶ ሲነፋው አቧራው ወጣ። ያ ሽታ። የሞቀ ፕላስቲክና የተቃጠለ አቧራ። የቤታችን ሽታ ነው። ማሽኑን ያመጣችው ጥቁር ዐባያ የለበሰች የወሎ ሴት ናት። ከምትሠራበት ቤት የአሠሪዎቿ ልጆች አዲስ ተገዝቶላቸው የጣሉትን በፌስታል ይዛ ለልጇ ልታሠራለት መጥታለች። እናቴም ልክ እንደዚያው ነው ያመጣችው። በፌስታል። ሴትየዋ አማርኛዬን ስትሰማ ዞረችብኝ።

«የእኔ ወንድም፣ አንተ ወጣት ነህ፣ ታውቃለህ። ይህ ነገር ልጅ ያበላሻል ይላሉ። ባላሠራለት ይሻለው ይሆን?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ተጫውተህ አታውቅም?»

«ወንድሜ ነበር የሚጫወተው።»

«እና እሱ ምን ሆነ?»

ስልኬን ሳላሠራ ወጣሁ። ሴትየዋ ጥፋት የለባትም።  ያየሁትን ግን መናገር እችላለሁ።

ኢድሪስ ጌሙ ከመምጣቱ በፊት ዝም ያለ ሰው ነበር። ትምህርት ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። ግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ ካስቀመጥከው እግሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ጥፍሩን ይበላል፣ ከዚያ መስኮት መስኮቱን ያያል። ከሰባተኛ ክፍል ወጣ። ወደብ ላይ ሸክም ተሸክሞ ነበር፤ መርከብ ሲቀር ያም ቀረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የዋለው። እማ «ምን እያሰብክ ነው?» ስትለው «ምንም» ይላል፤ እውነቱን ነበር፣ ምንም አልነበረም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ መንገድ ከሌላው ጋር አልገጥም ሲለው ከህረባ እስኪሄድ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል የሚቀመጠው። እግሩ አይንቀጠቀጥም። ስሙን ብትጠራው አይሰማም። እማ አንድ ቀን «ኢድሪስ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው» አለችው ልትሞክረው። «እሺ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ ሠርቼአለሁ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ይቀልድበት ነበር።

ቁጣም ነበረው፤ እሱን አልደብቅም። ከህረባ መሐል ላይ ሲሄድበት ከተማዋ እንደማትጠፋ እያወቀ፣ ስክሪኑ ብቻ እንደሆነ እያወቀ፣ ፊቱ ይለወጣል። አንድ ጊዜ የእጅ መጫወቻውን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰብሮታል። አንድ ጊዜ እማን ሰደባት፤ ከዚያ ወጥቶ እስከ መናኸሪያው ሄዶ የማንጎ ጭማቂ ይዞላት መጣ፤ እሷም ጠጣችና ብርጭቆውን እያጠበች «በል አሁን አጥፋው ያንን ነገር» አለችው። «አጥፋው» የእማ የዘወትር ቃል ነበረ። አእምሮህን በላው፣ ዓይንህን አጠፋው፣ ትዳር አታስብም፣ አጥፋው። ልክ ነበረች?  ሲጫወት ከእኛ ይርቅ ነበር። ግን ድሮም ሩቅ ነበር፤ አሁን ቢያንስ የት እንዳለ እናውቃለን።

ወርሻው ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። ዐሚ ሳሌሕ የመስኮት ብረት ሲሠራ ከአባቱ የወረሰው አንድ ዓይነት ንድፍ ብቻ ነበረው፤ ኮከብና ቀስት። ኢድሪስ አንድ ቀን የተለየ ነገር በየደ፤ ከላይ የታየ የመንገድ መጋጠሚያ፣ ክብ አደባባይና ከሱ የሚወጡ ጎዳናዎች። ዐሚ ሳሌሕ አይቶት «ይሄ ምንድን ነው ያ ሙሀንዲስ?» አለው። ሙሀንዲስ መሐንዲስ ነው፤ ለማሾፍ ነው የሚጠራው። «ከተማ ነው ዐሚ።» «ሌባ በየት በኩል እንደሚገባ ካርታ እየሰጠኸው ነው እንዴ?» ሳቁበት። ግን ደንበኛው ወደደው፤ ጎረቤቱም አየና ያንኑ ይሠራልኝ አለ። ዛሬም ሼክ ዑስማን ውስጥ ሳልፍ አንዳንድ መስኮት ላይ ያንን አደባባይ አየዋለሁ። ዝጎአል። ሰዎቹ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ አበባ ነው ይላሉ።

ከተማዋ ግን ዝም ብላ ከተማ አልነበረችም። የዐደን የወደብ ሰፈር፣ ተዋሂ ነበረች። ያሁኗ ሳትሆን የድሮዋ ተዋሂ። ኢድሪስ ድሮዋን አላያትም፤ ያያት ጋሽ ተስፋዬ ነው። ጋሽ ተስፋዬ ተዋሂ የሚኖር የእኛ አገር ሰው ነበር፣ ክርስቲያን፣ በወጣትነቱ መጥቶ እዚያው ያረጀ፤ ለመርከብ ኩባንያ ክላርክ ነበርኩ ይላል። እማ መጀመሪያ ዐደን ስትገባ ሥራ ያገኘላት እሱ ነው፤ ስለዚህ ዘመድ ሆነ። በየዓርቡ በሚኒባስ ይመጣል፣ በስታርች የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ ፊት ያስተካክላል፣ ኢድሪስም ያነጋግረዋል።

«ጋሼ፣ ከወደቡ በር ቀጥሎ ምን ነበር?»

«የሰዓት ሱቆች። መስታወታቸው እንዲህ እስከ መሬት። ሰዓት፣ ካሜራ፣ የሐር ጨርቅ። መርከበኛው ከእስቲመር ፖይንት ሳይወጣ ገንዘቡን ይጨርሳል። እኛ ተዋሂ አንልም ነበር፣ እስቲመር ፖይንት ነው።»

«ሻይ ቤትስ?»

«በየጥጉ! ሻይ በሳንቲም፣ ሲኒማ በሽልንግ። ነጭ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት ካልሲ፣ ጫማህ ፊትህን ያሳይሃል። ማታ ማታ መርከቡ ላይ ሙዚቃ ሲመታ እኛ ከዳር ሆነን እንደንሳለን። በነፃ።»

«ሰዓቱንስ የት ላድርገው? የማማውን ሰዓት።»

«ወደቡ ላይ ነው እንዴ ያቆምከው? ኖ፣ ኖ። ኮረብታው ላይ ነው።»

«ኮረብታ ለመሥራት በጀት የለኝም።»

«መንግሥት አይደለህም እንዴ? ግብር ጨምር!»

«ሕዝቡ ያምፃል።»

«ኦልራይት፣ እንግዲያው እንደ ሌሎቹ መንግሥታት ዝም በላቸው።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ነው የተሠራችው። በከተማችን ያለፈው ጦርነት ያፈረሰውን ኢድሪስ በጣቱ ያቆማል፤ ጊዜ የወሰደውን ጋሽ ተስፋዬ ከአፉ ያወጣል። አንዳንዴ መሐል ላይ የሽማግሌው ዓይን እንባ ያዝላል፤ ያን ጊዜ ኢድሪስ ወደ ስክሪኑ አፍጥጦ እንዳላየ ይሆናል። ለሁለቱም የተሻለ ነገር ነበር ብዬ አምናለሁ። ያ ማሽን ወንድሜን የሚበላው ቢሆን እንኳ ሲበላው ደስ እያለው ነበር። አሁን ሚኒባስ ውስጥ ልጆች ስልካቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ጌም ውስጥ ሲተኩሱ አያለሁ። ፊታቸውን እመለከታለሁ። የኢድሪስን ፊት እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ላይ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ የለም። 

ማክሰኞ ማታ ከህረባ ለትንሽ ጊዜ መጥቶ ነበር። ኢድሪስ ፉጣውን አሸርጦ፣ ጀርባው በላብ ርሶ፣ የመጨረሻውን ጎዳና ዘረጋ። የባሕር ዳሩን ጎዳና። ከሱ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት አቆመ።

«እማ፣ ነይ። ቤትሽን እዪው።»

እማ እጇን እየጠረገች መጣች። «የቷ ናት?»

«ይቺ። ባሕሩ ላይ።»

«ለምን ባሕሩ ላይ? ገበያ ይርቀኛል።»

«ነፋስ እንዲመጣልሽ።»

እማ ሙቀት አይሆንላትም፤ የትንፋሽ ሕመም አለባት። ቀረብ ብላ ቤቲቱን በጣቷ ነካቻት፤ መስታወቱ ላይ የዱቄት ምልክት ቀረ። «ወላሂ ትንሽ ናት» አለች። «አንዲት ክፍል ጨምርልኝ።» «ኢንሻአላህ ዓርብ። ዓርብ ለጋሽ ተስፋዬ ሁሉንም አሳየዋለሁ፤ አልቃለች።» ከህረባ ሄደ። ሳቅን፤ ለምን እንደሳቅን አላስታውስም። ኢድሪስም አልተቆጣም። ያን ማታ አልተቆጣም።

ረቡዕ ከጠዋት ጀምሮ ከህረባ አልነበረም። ከትምህርት ቤት መጥቼ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ነበር፤ ሲሚንቶው ከሰውነቴ ይቀዘቅዛል። እማ ሥራ ላይ ናት። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ አምፖሏ ቦግ አለች። መተላለፊያው በአንድ ድምፅ ጮኸ። «ጃት! ጃት!» እኔም ዘልዬ ተነስቼ በሩ ላይ ወጥቼ ጮኽኩ፤ ከሁሉም በላይ ጮኽኩ፣ ጎረቤቶች ሳቁብኝ። ቀኑን ሙሉ ነው የጠበቅናት። ከዚያ ገብቼ ቴሌቪዥኑን አበራሁ። መጫወቻውን አልነካሁም። ማየት ብቻ ነው። ከተማዋ ብቅ አለች፤ ወደቡ፣ የሰዓት ሱቆቹ ረድፍ፣ ኮረብታው ላይ ማማው፣ የእማ ቤት። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳኋት፤ ኢድሪስ ሲመጣ «በዓይኔ አልነካሁም፣ በስልኬ ነው» ልለው። አሮጌ ስክሪን በስልክ ሲነሳ እንደሚሆነው ፎቶው ጥቁር መስመር ብቻ ሆነ። መስመር በመስመር ላይ፤ በመሐላቸው ትንሽ ሰማያዊ፣ ባሕሩ ይመስለኛል። ያ ፎቶ አሁንም አለኝ። ከከተማዋ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ደግሜ ላነሳ ስል ዐሚ ሳሌሕ በሩ ላይ ቆሟል። ባዶ እግሩን ነው። የብየዳ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው።

«እናትህ የት አለች?»

«ሥራ ላይ። ዐሚ፣ ከህረባ መጥቷል እኮ፣ ወርሻውን ዘጋችሁት እንዴ?»

ይህን አልኩት። ዐሚ ሳሌሕ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ቀስ በቀስ ነው የነገረኝ። የብየዳው ማሽን ገመድ ጫፉ ተቃጥሎ ነበር። ከህረባ ከጠዋት ጀምሮ ስለሌለ ኢድሪስ እንዲህ ሥራ በፈታንበት ላድሰው ብሎ ሽቦውን በባዶ እጁ እየጠመዘዘ ነበር። ማብሪያው ክፍት ነው። ሁልጊዜም ክፍት ነው። ሲመጣ እንድናውቅ።

እንግዲህ እኔ በሩ ላይ ወጥቼ የጮኽኩት፣ ሴቶቹ እልል ያሉት፣ ያንኑ ጊዜ ነው። ያችኑ ደቂቃ። ሼክ ዑስማን በሙሉ ያጨበጨበው። ይህን ለእማ ነግሬአት አላውቅም፤ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት በኋላ ቀበርነው።

ሐሙስ ጠዋት ቤታችን በሴቶች ሞላ። ወንዶቹ መተላለፊያው ላይ ሸራ ተወጥሮላቸው ተቀምጠዋል። ከህረባ ሌሊቱን ሄዶ አልተመለሰም። ማሽኑ ከባትሪው እየበላ ያንጎራጉራል፤ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። ማንም አላስተዋላትም፣ ሁላችንም የለመድናት ነገር ናት። እማ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ኢድሪስ ድሮ የሚደገፈውን ቦታ። የሚመጣ ሁሉ «አላህ ይዘንለት፣ ሶብሩን ይስጥሽ» ይላታል፤ ትዕግሥቱን ማለት ነው።

ጋሽ ተስፋዬ ከተዋሂ መጣ። ነጭ ሸሚዙ አልተተኮሰም ነበር፤ እንደዚያ አይቼው አላውቅም። እማ ፊት ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ። ሲነሳ ማሽኗን አያትና ወደኔ መጣ።

«ያሲን። ዓርብ አሳይሃለሁ ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ጨርሷት ነበር?»

«አንዲት ክፍል ቀርታው ነበር።»

«እዚያ ውስጥ አለች?»

«አለች።»

መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። አጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው። «እንግዲህ ከህረባ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አለና በሩ አጠገብ፣ ከባትሪው ጎን ተቀመጠ።

ፀሐይ ጣራው ላይ ስትወጣ ቤቱ ምድጃ ሆነ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ጮኸች። «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ትንፋሽ አጥሯታል!» እማ አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። በካርቶን አራገቡላት፣ ውኃ ረጩባት።

«ማርዋሐ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለች አንዷ፤ የነፋስ ማራገቢያ ማለቷ ነው።

«አለ፣ ግን ባትሪው በዚያ ነገር ተይዟል።»

«ታዲያ ንቀሉታ!»

አንዲት ጎረቤት እጇን ወደ ገመዱ ዘረጋች። ያን ጊዜ እማ ተናገረች። ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ተዪው። የኢድሪስን አትንኩ።»

«ዘሀራ፣ ለጌም ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«ይብራ።»

ያቺ ሁልጊዜ አጥፋው የምትል ሴት። ጎረቤቷ እጇን ሰበሰበችና ወደኔ ዞረች። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጋሽ ተስፋዬ ወለሉን ነው የሚያየው። ባትሪው ሁለቱን አይሸከምም። በየጠዋቱ «እንዳትነካ» ሲለኝ የኖረው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የእማ ትንፋሽም አለ፤ እንደ መጋዝ ነበር የሚሰማው። ወደቡን አሰብኩ፣ ጎዳናውን፣ ባሕሩ ላይ ያለችውን ቤት፤ ነፋስ እንዲመጣልሽ ያላትን። ከዚያ ማሰብ አቆምኩ።

ተንበርክኬ ገመዱን ነቀልኩት። አረንጓዴዋ መብራት ወዲያው ጠፋች። ማሽኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ ግን ትንሽ እየዞረች ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ቆመች። ለወራት ስትጮህ ልብ ብለናት የማናውቃትን፣ ስትቆም ሁላችንም ሰማናት። የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። የማርዋሐውን ገመድ ሰካሁ፣ ከእማ ፊት አቆምኩት። ሻሿ ተንቀሳቀሰ። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰላት። እኔን አላየችኝም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዝሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በፊት አምፖሏ ቦግ አለች። ከህረባ መጣ። መተላለፊያው ላይ ማንም አልጮኸም። አንድ ሕፃን ብቻ «ጃ...» ብሎ ጀመረ፤ አንድ ሰው አፉን ያዘው መሰለኝ። ጋሽ ተስፋዬ ቀና ብሎ ከተማ የሌለበትን ቴሌቪዥን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ መነጽሩ ኪስ ሰደደና እዚያው ተወው። እኔ ተነስቼ የማርዋሐውን ገመድ ከባትሪው አወጣሁና ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ባትሪውን ቻርጅ ላይ አደረግኩት።